የሮማ ወታደር በእርግጥ ምን ይለብስ ነበር? ጥናቱን ፈልጎ ማግኛ መንገድ

ብዙዎቻችን ስለ ሮማ ወታደር ትጥቅ መጀመሪያ የሰማነው ከጳውሎስ ነው። ጥሩሩ፣ የራስ ቁሩ፣ ጋሻው፣ ሰይፉ፣ ሁሉም ኤፌሶን 6 ላይ ተደርድሯል። ቀጥሎ ፊልሙ መጣ። ዛሬ ደግሞ ዩቲዩብ አለ። አንዱ ቪዲዮ ጋሻው ይህን ያህል ይመዝናል ይላል፤ ሌላው እጥፉን ይነግራችኋል። ማን ልክ እንደሆነ ለማጣራት ስትነሱ ጥናቱ የወጣበት መጽሔት «መጀመሪያ ክፈሉ» ይላችኋል። ለአንዲት ጽሑፍ 30 እና 40 ዶላር ማን ይከፍላል?

ደግነቱ፣ ከዚህ ጥናት ብዙው በሌላ በር በነፃ ይገኛል። ከበሩ በፊት ግን አንድ ልማድ ያስፈልጋል። ስለ ትጥቅ የሚነገር ማንኛውም ነገር ከመሬት ወደ ወጣ ዕቃ እስኪደርስ ድረስ ወደ ኋላ መከተል አለበት። ከየት ተቆፈረ? ማን አሳተመው? አሁን የት ተቀምጧል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የማይመልስ ቪዲዮ፣ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ለጨዋታ ይሆናል እንጂ ለማስረጃ አይሆንም።

ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

«የሮማ ወታደር ምን ይለብስ ነበር?» ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ የለም። ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ በገለጻቸው ወታደሮችና ሶርያ ውስጥ ዱራ ኤውሮፖስ ከተማን ሲከላከሉ በሞቱት መካከል 400 ዓመት ገደማ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልብሱ እንዴት አንድ ይሆናል?

ስለዚህ ጥያቄው ዕቃ፣ ዘመንና ቦታ ይኑረው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ለትንሣኤ ድራማ የጲላጦስን ወታደሮች ማልበስ ፈለጋችሁ እንበል። ሁሉም ሰው የሚመርጠው ያንን በፊልም የለመድነውን፣ ከብረት ዝርግ ተደራርቦ የተሠራውን ጥሩር ነው። ጥያቄውን ስታጠብቡት ግን «በ30 ዓ.ም. ገደማ ይሁዳ ውስጥ የነበረ ወታደር ደረቱ ላይ ምን ያደርግ ነበር?» ይሆናል። ያኔ ነገሩ ይለወጣል። በጲላጦስ ሥር የነበሩት ሌጊዮኖች፣ ማለትም የሮማ ዜጎች ያሉባቸው ዋና ጦሮች፣ አልነበሩም። በብዛት ከቂሣርያና ከሰማርያዋ ሰባስቴ የተመለመሉ ረዳት ጦሮች ነበሩ። ለእነሱ አስተማማኙ ምርጫ ከትንንሽ የብረት ቀለበቶች የተጠላለፈው ጥሩር ነው። ዝርጉን ብረት ረዳት ጦር ይልበስ አይልበስ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከሩበታል። ጥያቄውን በማጥበብ ብቻ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

2. ዕቃው በምን ስም እንደሚጠራ እወቁ

ጎግል ላይ «የሮማ ጥሩር» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣላችሁ የአልባሳት ሱቅ ነው። የዘርፉ ሰዎች ዕቃዎቹን የሚጠሯቸው ብዙውን ጊዜ በተገኙበት ቦታ ነው። አጭሩ ሰይፍ የማይንትስ ዓይነትና የፖምፔይ ዓይነት አለው። የራስ ቁሩ ሞንቴፎርቲኖ፣ ቫይዘናው ወይም ኒደርቢበር ይባላል። የብረት ዝርጉ ጥሩር ደግሞ ኮርብሪጅ ወይም ኒውስቴድ። የዕቃውን የላቲን ስምና የቦታውን ስም አንድ ላይ በላቲን ፊደል ጻፉ። ለሰይፉ «ግላዲየስ» (gladius)፣ ለቀለበቱ ጥሩር «ሎሪካ ሃማታ» (lorica hamata)፣ ለዝርጉ «ሎሪካ ሴግሜንታታ» (lorica segmentata)፣ ለትልቁ ጋሻ «ስኩቱም» (scutum)።

አንድ ወጥመድ አለ። እንግሊዛዊው ኤች. ራስል ሮቢንሰን በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የራስ ቁሮቹን በራሱ አከፋፈል «ኢምፔሪያል ጋሊክ»፣ «ኢምፔሪያል ኢታሊክ» እያለ በፊደል መደባቸው። እንግሊዝኛ አንባቢው ይህን ለመደ። ጀርመኖቹ ተመሳሳዩን ቁር ቫይዘናው ይሉታል። ባንዱ ስም ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹ ጥናት ያመልጣችኋል።

ጀርመንኛንም አትሽሹ። በራይንና በዳኑብ ዳር የነበሩት ካምፖች ብዙ ዕቃ ሰጥተዋል፤ ዘገባቸው በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው። «ሺነንፓንሰር» (Schienenpanzer) ብላችሁ የብረት ዝርጉን ጥሩር ፈልጉ። ጽሑፉን በመተርጎሚያ መተግበሪያ አሳልፉት። የዕቃው ሥዕልና ልኬት እንደሆነ አስተርጓሚ አይፈልግም።

3. በአንድ መጽሐፍ ግቡ

ለጀማሪ መግቢያው የታወቀ ነው። ኤም. ሲ. ቢሾፕ እና ጆን ኩልስተን የጻፉት የሮማ ወታደራዊ ትጥቅ መጽሐፍ መጀመሪያ በ1993 ወጣ፤ የተስፋፋው ሁለተኛ እትም በ2006። ሁለተኛውን ፈልጉ። ከዳር እስከ ዳር አታንብቡት። በዘመን የተከፋፈለ ስለሆነ የእናንተን ዘመን ምዕራፍ ክፈቱና ዕቃችሁን ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ምንጮቹ ዝርዝር ዝለሉ። ለእናንተ ሀብቱ ያ ዝርዝር ነው።

ለዚሁ ትጥቅ ብቻ የሚታተም የእንግሊዝኛ መጽሔትም አለ፤ ከ1990 ጀምሮ ይወጣል። ከእሱ በፊት ተመራማሪዎቹ በ1983 ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረ ጉባኤ ይገናኙ ነበር። የቀድሞዎቹ ጉባኤዎች ጽሑፎች በብሪቲሽ አርኪዮሎጂካል ሪፖርትስ ተከታታይ ጥራዞች ወጥተዋል። በምንጭ ዝርዝር ውስጥ «ባር» (BAR) የሚል ምህጻረ ቃል ከቁጥር ጋር ስታዩ እነዚህን ጥራዞች ማለቱ ነው።

4. ወደ ዕቃው ተመለሱ

የመመሪያው ልብ እዚህ ጋ ነውና ቀስ ብለን እንሂድ።

ቪዲዮ ላይ አንድ ሰው የብረት ዝርግ ጥሩር ለብሶ አያችሁ። ከሥሩ «ኮርብሪጅ ኤ» ብሎ ጽፏል። ኮርብሪጅ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ፣ ከሀድሪያን ግንብ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለች ከተማ ናት። በ1964 እዚያ የሚቆፍሩ ሰዎች በብረት የታሰረ የእንጨት ሣጥን አገኙ። ውስጡ የጥሩር ክፍሎች፣ የታሰሩ የጦር ጫፎች፣ የእጅ መሣሪያዎች፣ ሚስማሮች፣ የመጫወቻ ጠጠር ሳይቀር ነበረበት። ብረቱ ዝጎ እርስ በርሱ ተጣብቋል።

ከዚያ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ሮም ከተማ ያለውን፣ የጦርነት ሥዕል የተቀረጸበትን የንጉሠ ነገሥት ትራያንን ዓምድ እያዩ፣ ዝርጎቹ በቆዳ ካፖርት ላይ የተሰፉ ይመስላቸው ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ዝርጎቹ ከውስጥ በኩል በቆዳ ጠፍር ተያይዘው በሪቬት (በማያያዣ ሚስማር) የተመቱ መሆናቸው ታየ። ሮቢንሰን ከእነዚህ ቁርጥራጮች ተነስቶ የሚለበስ አምሳያ ሠራ። በ1972 ግሎስተርሻየር ውስጥ የተመሠረተው ኧርሚን ስትሪት ጋርድ የተባለ ቡድን በእሱ ሥራ ላይ ተመርኩዞ ትጥቁን መሥራት ጀመረ። ሌሎች ቡድኖች ከእነሱ ቀዱ። ፋብሪካዎች ከቡድኖቹ ቀዱ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ከፋብሪካው ገዛ።

እያንዳንዱ እጅ የሆነ ነገር ጨምሯል፤ የሆነ ነገርም ቀንሷል። ስለዚህ እናንተ የምትሄዱት በተቃራኒው ነው። ከቪዲዮው ወደ ቢሾፕና ኩልስተን ሥዕል፤ ከሥዕሉ ግርጌ ወደ ተጠቀሰው ዘገባ። የኮርብሪጁ ሣጥን ሙሉ ዘገባ የታተመው በ1988 ነው፤ ዕቃው ከተገኘ ከ24 ዓመት በኋላ። ቁፋሮና ኅትመት እንዲህ ይራራቃሉና የዕቃው መገኛ ዓመትና የዘገባው ዓመት እንዳይምታታባችሁ።

ዘገባውን ስታገኙ መጀመሪያ የዕቃ ዝርዝሩን ክፈቱ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር፣ ልኬትና ሥዕል አለው። ብዙውን ጊዜ በሥዕሎቹ ላይ በሙሉ መስመር የተሳለው የተረፈው ክፍል ነው፤ የተቆራረጠው መስመር የተመራማሪው ግምት ነው። ይህን መለየት ከቻላችሁ ከብዙ ቪዲዮ ሠሪዎች ቀድማችኋል።

አንድ ዘገባ ላይ ደርሳችሁም አትቁሙ። በ2018 ጀርመን ውስጥ ካልክሪዘ በተባለ ቦታ ሙሉ ለሙሉ ለማለት የሚቻል የዚሁ ዓይነት ጥሩር ተገኘ። ቦታው በ9 ዓ.ም. ሦስት የሮማ ሌጊዮኖች ካለቁበት ጦርነት ጋር የሚያያዝ ነው። ጥሩሩን ከነአፈሩ አንስተው ሲቲ ስካን አደረጉት፤ ዜናው በ2020 ወጣ። ከኮርብሪጁ 100 ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ አሠራሩም ይለያል። ከ2020 በፊት የተጻፈ መጽሐፍ ይህን አያውቅም።

5. ጽሑፉን አውርዱ

ርዕሱን ካወቃችሁ በኋላ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ።

መጀመሪያ ጎግል ስኮላር። ርዕሱን በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ። ከውጤቱ ሥር ሁሉንም ቅጂዎች የሚያሳይ ማያያዣ አለ፤ እሱን ተጫኑ። መጽሔቱ የሚያስከፍልበትን ጽሑፍ ደራሲው በዩኒቨርሲቲው ገጽ ወይም አካዴሚያ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ሰቅሎት ታገኙታላችሁ። አንፔይዎል የሚባለውን ነፃ ማሟያም ብራውዘራችሁ ላይ ጫኑ። ሕጋዊ ነፃ ቅጂ ካለ ከገጹ ዳር አረንጓዴ ቁልፍ ይበራል።

ካልሆነ ጄስቶር የተባለው የመጽሔቶች ማከማቻ። በኢሜይል ብቻ የግል አካውንት ከፍታችሁ በወር እስከ 100 ጽሑፍ ኦንላይን በነፃ ማንበብ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «ጄስቶር በገንዘብ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ማውረድ አይፈቅድም ይሆናል፤ ማንበብ ግን ይበቃል።

ለብሪታንያ ቁፋሮዎች ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያለው አርኪዮሎጂ ዳታ ሰርቪስ ቤታችሁ ይሁን። የድሮ የቁፋሮ ዘገባዎች በጅምላ ስካን ሆነው ተቀምጠዋል። የኮርብሪጁንም መጀመሪያ የምፈልገው እዚያ ነው። ለጀርመን ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ «ገርማኒያ»ን እና «ቦነር ያርቡኸር»ን የመሳሰሉ ትልልቅ መጽሔቶችን በነፃ አስቀምጧል። ለፈረንሳይኛ ፔርሴ አለ። ማድሪድ የሚታተመው «ግላዲየስ» የተባለ የጥንት ጦር መሣሪያ መጽሔትም ክፍት ነው።

ኢንተርኔት አርካይቭን ለብቻው ላንሳው። የኅትመት መብታቸው ያለፈ መጻሕፍት በሙሉ ይወርዳሉ። ጄምስ ኩርል ስኮትላንድ ውስጥ ኒውስቴድ የተባለውን ምሽግ ከ1905 እስከ 1910 ቆፍሮ በ1911 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ እዚያ አለ። ጉድጓዶች ውስጥ የተጣሉ የራስ ቁሮች፣ የኮርቻ ክፍሎች፣ የጥሩር ቁርጥራጮች ፎቶና ሥዕል አለው። ድምዳሜዎቹ አርጅተዋል፤ ፎቶዎቹ ግን አላረጁም። ኔታችሁ ደካማ ከሆነ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ሌሊት አውርዱት።

ቤተ መጻሕፍትንም አትርሱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ተቋማት ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ፕሮግራም ብዙ የሚያስከፍሉ መጽሔቶችን በነፃ እንዲያገኙ ተፈቅዶላቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም መምህር ከሆናችሁ የቤተ መጻሕፍቱን የዲጂታል ክፍል ሠራተኛ ስለ መግቢያ ቃሉ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሰፈራችሁን ላይብረሪ መጽሐፉን ከሌላ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስመጣላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው። እስራኤል ያላችሁ የአገሪቱን የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን የኅትመት ገጽ እዩ። የጋምላ ቁፋሮ ዘገባዎች የእሱ ናቸው። ጋምላ በ67 ዓ.ም. በሮማውያን የተከበበች ከተማ ስትሆን ወደ 2,000 የሚጠጋ የመወርወሪያ ድንጋይና ወደ 1,600 የቀስት ጫፍ ወጥቶባታል። ለትንሣኤው ድራማ ጥያቄ ከራይን ዳር ካምፕ ይልቅ ይህ ይቀርባል።

የሙዚየም ገጾች የመጨረሻው በር ናቸው። የዱራ ኤውሮፖሱ ቀይ ጋሻ ዛሬ ዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። እንደ ግማሽ በርሜል የታጠፈ ባለ አራት ማዕዘን ጋሻ እስከ ዛሬ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ከቀጫጭን እንጨት ተደራርቦ ተጣብቆ፣ ቆዳ ለብሶ፣ ንስርና አንበሳ ተስሎበታል። ቁመቱ ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ፎቶውንና ልኬቱን ከሙዚየሙ ገጽ በቀጥታ ውሰዱ። ጋሻው ግን የ3ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን አትዘንጉ፤ ለጲላጦስ ወታደር አይሆንም።

አንድ ማሳሰቢያ። ቻትቦት ምንጭ ስጠኝ ስትሉት የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። የሰጣችሁን ርዕስ ስኮላር ወይም የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ሳታገኙት አትጥቀሱት።

6. የጥንት ጸሐፊዎችን አብራችሁ አንብቡ፣ ግን ብቻቸውን አትመኗቸው

የፖሊቢዮስ 6ኛ መጽሐፍና የዮሴፍ «የአይሁድ ጦርነት» 3ኛ መጽሐፍ የሮማን ሠራዊት ይገልጻሉ። በእንግሊዝኛ ትርጉም በነፃ ይገኛሉ። ይህ ዮሴፍ በግእዙ «ዜና አይሁድ» ከምናውቀው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ጋር አንድ እንዳይመስላችሁ። ዜና አይሁድ ኋላ የተጻፈ፣ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የመጣ ሌላ መጽሐፍ ነው። ለትጥቅ ጥናት የሚያገለግለው የግሪኩ ነው።

ዮሴፍ የዓይን ምስክር ነው። ሮማውያንን ተዋግቷል፤ ኋላም አብሯቸው ኖሯል። እንዲያም ሆኖ እግረኛው ረጅሙን ሰይፍ በግራ፣ አጭሩን ጩቤ በቀኝ ይታጠቃል ይላል። ራይን ዳር በተገኙት የ1ኛው ክፍለ ዘመን የመቃብር ድንጋዮች ላይ ግን ተራው የሌጊዮን ወታደር ሰይፉን የሚታጠቀው በቀኝ ነው። ማን ተሳሳተ? ወይስ ቦታው ይለያያል? እንዲህ ያለ ቅራኔ ስታገኙ አትደንግጡ። ጻፉትና ዕቃውን ፈልጉ።

ቅርጻ ቅርጽም እንዲሁ ነው። ትራያን ዳኪያን (የዛሬዋን ሮማኒያ ገደማ) የወጋበትን ጦርነት በሚያሳየውና በ113 በተመረቀው ዓምድ ላይ ሌጊዮኖቹ ሁሉ የብረት ዝርግ ለብሰዋል። በዚያው ጦርነት መታሰቢያነት ሮማኒያ ውስጥ አዳምክሊሲ በ109 የቆመው ሐውልት ላይ ግን የቀለበትና የቅርፊት ጥሩር፣ በክንድ ላይም የብረት መከላከያ ይታያል። አንዱን የሠሩት የዋና ከተማ ቀራጮች ናቸው፤ ሌላው ጦር ሜዳው አጠገብ ተሠራ። እኔ ለትጥቅ ጉዳይ አዳምክሊሲን አስቀድማለሁ። በእርግጥም የክንድ መከላከያው እንግሊዝ ውስጥ ካርላይል ከተማ ከመሬት ወጥቷል።

7. ትጥቁን ለብሰው የሚያሳዩትን በአግባቡ ተጠቀሙባቸው

ሪኢናክተሮችን፣ ማለትም የጥንቱን ትጥቅ ለብሰው የሚያሳዩትን፣ የሚንቅ ምሁር አለ። እኔ አልስማማም። ትጥቁን ለብሶ ቀኑን ሙሉ የሄደ ሰው ማሰሪያው የት እንደሚቆርጥ፣ ትከሻው የት እንደሚላጥ ያውቃል። ጀርመናዊው ማርኩስ ዩንከልማን በ1985 ከጥቂት ጓዶቹ ጋር የሮማ ትጥቅ ለብሶ ከቬሮና እስከ አውግስቡርግ አልፕስን በእግሩ አቋርጧል። መጽሐፍ ቤት ተቀምጦ የማይገኝ እውቀት ነው።

ከሁሉ የምወደው የኮርቻውን ነገር ነው። የሮማ ፈረሰኛ እርካብ አልነበረውም። ስለዚህ በደንብ መዋጋት አይችልም ነበር የሚል ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ከመሬት የወጡት የኮርቻ ልባስ ቆዳዎችና የነሐስ ቀንዶች ነበሩ። ፒተር ኮኖሊ ከእነዚህ ተነስቶ አራት ቀንድ ያለው ኮርቻ ሠራና ፈረስ ላይ ሞከረው። ቀንዶቹ ጭንን ከፊትም ከኋላም ስለሚይዙ ፈረሰኛው ሳይወድቅ ጎንበስ ብሎ መምታት ይችላል። ክርክሩን የለወጠው የእጅ ሥራ ነው።

ግን ሁሉም ቡድን እንዲህ አይሠራም። ለቡድኑ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ይህ ዕቃ በየትኛው ግኝት ላይ ተመሥርቶ ተሠራ?» ጥሩዎቹ ቦታውንና የዘገባውን ቁጥር ይልኩላችኋል። «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» ካሏችሁ ወደ ሌላ እለፉ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ሰፊ ቆዳ ለዚህ መፈተኛ ይሆናችኋል። ፊልም ውስጥ ሁሉም ወታደር አለው፤ ለሮማ ወታደር ግን ከቁፋሮ ድጋፍ የለውም። እሱን ያደረገ ሰው ሌላውንም ከፊልም ሊወስድ ይችላል። የሙከራ ውጤት በልኬት ተጽፎ ለማንበብ ደግሞ የኤግዛርክን መጽሔት ክፈቱ። በሙከራ አርኪዮሎጂ ላይ ያተኮረ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው።

8. ለደራሲው ጻፉ

ሁሉም በር ከተዘጋ ኢሜይል። የዚህ ዘርፍ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። አምስት መስመር ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ጽሑፍ እንደፈለጋችሁ፣ ለምን እንደፈለጋችሁ፣ የት ሞክራችሁ እንዳጣችሁት፣ ምስጋና። «ስለ ሮማ ጦር ሁሉንም ላክልኝ» አትበሉ። የዕቃውንና የቦታውን ስም ጥሩ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱና ተዉት።

ያገኛችሁትን ፋይል በደራሲ፣ በዓመትና በዕቃ ስም አስቀምጡ። ዞቴሮ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራላችኋል።

ለልምምድ የሚሆን ከእኛ የማይርቅ ርዕስ ከፈለጋችሁ ሁለት አሉ። አንደኛው በ2023 ዓይን ጌዲ አጠገብ ዋሻ ውስጥ የተገኙት አራት የሮማ ሰይፎች ናቸው። የሦስቱ ስለት ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የእንጨት ሰገባቸው ሳይቀር ተርፏል። ሁለተኛው የፋራሳን ደሴቶች ነው፤ ቀይ ባሕር ውስጥ፣ ከዳህላክ ማዶ። በ144 ገደማ ከሁለተኛው የትራያን ሌጊዮን የተላከ ጭፍራ እዚያ እንደነበረ የሚናገር የላቲን የድንጋይ ጽሑፍ ተገኝቷል። ስለ እሱ ከተጻፉት ቀዳሚዎቹ በፈረንሳይኛ ናቸው፤ ፍለጋውን ከፔርሴ ጀምሩ።